የአባባ የሰኞ ወባ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከነገሌ ስትመጣ እርጎ ይዛልኝ መጣች። ክዳኑን ስከፍተው ቤቱን የሞላው የእርጎው ሽታ ብቻ አይደለም፤ ቦረናዎች የወተት ዕቃቸውን የሚያጥኑበት የእንጨት ጭስ ነው። ታዲያ ይህ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ወዲያው ትዝ የሚለኝ ወተት ሳይሆን ጠጅ ነው። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይላል። ለእኔም ስንት ዘመን ግራ ሲያጋባኝ የኖረ ነገር ስለሆነ እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር።

በጃንሆይ ዘመን አባቴ ነገሌ ቦረና የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እሁድ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ምሳውን ይቀማምሳል፣ ግራጫ ኮቱን ደርቦ ባርኔጣውን ያጠልቅና ወደ ጠጅ ቤት ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ተዘግቶ፣ ግንባሩ በእርጥብ ነጠላ ተጠፍሮ፣ ድመት ስታልፍ እንኳ "ኧረ ቀስ በሉ!" እያለ ያቃስታል። እማዬ እኛን ልጆቹን በር ላይ ትይዘንና "አባታችሁን ወባ ይዟቸዋል፣ አትረብሿቸው" ትለናለች። አፍራ ነው፤ ግን እኔ በምን አውቃለሁ? ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚለው። ሰኞ ጠዋት የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ግማሹ ወባ ነው።

ስለዚህ ወባ ማለት ለእኔ እሁድ ከሰዓት የሚይዝ፣ ሰኞ ቀትር ላይ የሚለቅ፣ ማር ማር የሚሸት፣ ደመወዝተኛ ወንዶችን ብቻ የሚመርጥ በሽታ ነበር። መምህራችን ወባን የምታመጣው ትንኝ ናት ሲሉን እጄን አውጥቼ "የምትነድፈው እሁድ እሁድ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ። ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ተናድጄ ዋልኩ።

የአባባ ወዳጆች ሊጠይቁት ሲመጡ እያንዳንዱ የራሱን መድኃኒት ይዞ ነው። አንዱ አብሽ በውሃ በጥብጡለት ይላል፣ አንዱ ዱለት በሚጥሚጣ ካልሆነ አይለቅም ይላል፣ ሌላው ደግሞ ከዚያው ከጠጁ አንድ ብርሌ ማብረጃ ካልቀመሰ ምን ዋጋ አለው ብሎ ከእማዬ ጋር ይጣላል። ለወባ ዱለት! እኔ ይህን ሁሉ በጽሞና እሰማና ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ እነግር ነበር። አንዷ ልጅ እናቷን የምር ወባ ሲይዛቸው ዱለት ይሠራላቸው ብላ እቤቷ ተናግራ ተቆንጥጣለች።

አባባን የሚያነሳው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረም፤ የአዴ ዳኪ እርጎ ነበር። አዴ ዳኪ ከሊበን ገጠር ወተት እያመጣች የምትሸጥልን የቦረና ሴት ናት፤ አዴ በኦሮምኛ እመት እንደ ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ በጨሌ የተሞላ። ከቃጫ የተጎነጎነውን የወተት ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ "አካም! ናጋ?" ስትል ድምፅዋ ከአጥር ውጭ ይሰማል። አማርኛዋን ገበያ ላይ ስለለቀመችው አንቱ የሚባል ነገር አልገባበትም፤ ዳኛውንም አንተ ነው የምትለው። እርጎው ላይ ጨው ጣል ታደርግና "ቀስ፣ ቀስ! አትጋተው" እያለች በጥቂት በጥቂቱ ታጠጣዋለች፤ ውሃም ታስከትላለች። "ሆድህ ባዶ ነው የሄድክ። ወተት ጠጥተህ ሂድ ብዬህ የለ?" ትለዋለች። አባባም እንደ ልጅ "እሺ አዴ፣ እሺ" ይላል። በሚቀጥለው እሁድ ግን ይረሳዋል።

አንድ ነገር ነበር ግራ የሚያጋባኝ። አዴ ዳኪ እርጎውን ከመቅዳቷ በፊት አባባ ላይ ጎንበስ ብላ ፊቷን አፉ ድረስ ታስጠጋለች። ሰኞ በመጣ ቁጥር! ትስመዋለች እንዴ? እማዬ ደግሞ እዚያው ቆማ ታያለች። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ እማዬን ጠየቅኳት። እሷም ምክንያቱን አታውቀውም ነበር መሰለኝ፣ "ሰላምታቸው ነው፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ" አለችኝ። ሌላ ሰው ላይ ግን እንዲህ አይነት ሰላምታ አይቼባት አላውቅም።

አንድ ክረምት አባባ ከዳኛው ጋር ለምርመራ ወደ ገናሌ ወንዝ ቆላ ወርዶ ሰነበተ። ከተመለሰ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ እሁድ ዕለት ለቅሶ ደርሼ መጣሁ ብሎ አመሻሹ ላይ እየተንገዳገደ ገባና ተኛ። እማዬ ለቅሶውን አላመነችም። ታግሣ ታግሣ የዚያን ቀን ሞልቶ ፈሰሰባት። ወትሮ አንቱ የምትለውን ባሏን "አንተ ሰውዬ፣ በቃኝ!" ስትለው ሰማሁ፤ እማዬ አንተ ካለች ቤት ተቃጥሏል ማለት ነው።

በማግስቱ አዴ ዳኪ ስትመጣ እማዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"ዛሬ ወተት አንፈልግም።"

"ሰውዬሽስ?"

"ተኝቷል። ዛሬ ማንም አያስታምመውም፣ ይቅመሰው!"

ከጓዳ የአባባ ድምፅ መጣ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ "ወባ ነው... እውነቴን ነው፣ ወባ ነው" ይላል።

እማዬ ሳቀች፤ እንዲህ ያለ መራራ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። "ሰማሽው? ለእኔው ወባ ነው ይለኛል!"

እኔ ዞረብኝ። ሰኞ ሰኞ ወባ ነው የምትለን ራሷ አይደለችም? ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?

አዴ ዳኪ ዕቃዋን ከጀርባዋ አወረደች። "ላሽተው ብቻ" አለችና እማዬን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ጎንበስ አለች። ከወትሮው ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ የእጇን ጀርባ አንገቱ ላይ አደረገች።

"ጠጅ የለውም" አለች።

"አታውቂውም፣ አዴ።"

"አፉ ንጹሕ ነው! አልጠጣም ሰውዬሽ። ቡሳ ነው፣ ወባ። እሳት ሆኗል፣ ነይ ንኪው!"

እማዬ ከበሩ አልተነቃነቀችም። እኔ ደግሞ ትዕግሥቴ አለቀ። ወባ ከሆነ መድኃኒቱ ይታወቅ የለ? "ታዲያ እርጎውን ስጡት እንጂ!" ብዬ ጮኽኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። የእማዬ ፊት እንዴት እንደተለዋወጠ ዛሬም ድረስ አይጠፋኝም። ሄዳ አባባን ነካችው። "እኔን! እኔን ያስቀድመኝ!" እያለች ደረቷን መታች።

ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ወደ ክሊኒክ ተወሰደ። ድሬሰሩ መርፌ ወጋው፤ እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ ጭንቅላቱ ላይ ይወጣ ነበር አለን። እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አዴ ዳኪ ወተቷን ሳትሸጥ አጠገቧ ዋለች። እኔን በሁለቱ መሃል አስቀምጠውኝ ነበር፤ ልጅ አይሰማም ብለው።

"የኔም ሰውዬ ዋደራ ገበያ ከብት ነድቶ ሄደ" አለች አዴ ዳኪ ጨሌዋን እያሻሸች። "ግራር ሥር ወደቀ። ሰው አይቶት አለፈ፤ ሰክሯል አለ። ለኔም ነገሩኝ፣ ሰውዬሽ ሰክሯል አሉኝ። አንዳንዴ ይጠጣ ነበር፤ ተናደድኩ፤ አልሄድኩም። ማታ ሬሳውን አመጡልኝ። ቡሳ ነው የገደለው። አፉን ማንም አላሸተተም።"

እማዬ እጇን ያዘቻት።

አባባ ከረመና ዳነ። ከዚያ ወዲያ ጠጅ ባፉ አልዞረም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ውሸት ነው። ግን ቀነሰ፤ እሁድ ከመውጣቱ በፊትም እማዬ አንድ ጣሳ ወተት ካላጠጣችው ባርኔጣውን አትሰጠውም። ካመሸም ሰኞ ጠዋት "አባታችሁ ጠጥተው ነው ያደሩት" ትለናለች፣ በግልጽ፣ እኛ ፊት። እኔ ግን እንደገና ግራ ገባኝ፤ ሁለቱን በሽታዎች ለይቼ እስካውቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

አዴ ዳኪ አንድ የድርቅ ዓመት ከብቶቿን ተከትላ ውሃ ፍለጋ ሄደች አሉን። አልተመለሰችም። እማዬ ገበያ በወጣች ቁጥር ከሊበን የመጣውን ሰው ሁሉ ስለ እሷ ትጠይቅ ነበር።

ትናንት ልጄ ከሰርግ መጥቶ እስከ ረፋድ ተኛ። ሚስቱ "እማማ፣ ዞረ ድምር ነው፣ ይተዉት" አለችኝ እየሳቀች። አልተውኩትም። ጎንበስ ብዬ አፉን አሸተትኩ፤ ቢራ ነው። አንገቱን ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ተመስገን አልኩና ከነገሌ የመጣውን እርጎ ቀድቼ ጨው ጣል አደረግኩበት።

"ኧረ እማዬ፣ ምንድነው ይሄ ማሽተት?" አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ሰላምታ ነው" አልኩት። "ተነስ፣ ቀስ እያልክ ጠጣ።"