ዳላው ያደረበት አፈር

አባቴ አፈር ያሸት ነበር። ሰው ገበያ ላይ ቅቤ እንደሚያሸተው፣ ቆንጠር አድርጎ ወደ አፍንጫው። እናቴ "ኧረ ሰው ያይሃል!" ብላ ትቆጣዋለች፤ እሱ ማን ይሰማታል! ቤታችን ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። መሬቱ የኛ አይደለም። ባለመሬቱ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው፤ እኛ ጭሰኞቹ ነን። አርሰን ከምርቱ ድርሻውን እንሰጣለን፣ ሲመጣም በግ እናርዳለን።

አባቴ ያንን ማሳ ሲረከብ ቀዩ አፈር በጎርፍ ታጥቦ ድንጋዩ ፈጦ ነበር ይላሉ። ጥቁሩ ዋልካ ከታች ሜዳው ላይ ነው፤ እሱ በክረምት እግር ይውጣል እንጂ ቦታውን አይለቅም። የኛው ግን በዘነበ ቁጥር ቁልቁል ወደ ሁሉቃ ወንዝ ይሄዳል። ወንዙ ቀልቶ ሲያየው አባቴ "ይኸው፣ እንጀራችን ሄደ" ይል ነበር። ጎርፉን ለመስበር ድንጋይ እየለቀመ በዳገቱ አግድም ካብ ካበ። እኔና እናቴም ተሸክመናል፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ምስክር ነው።

ካቡ አፈሩን ያዘው። የሚያጠግበው ደግሞ ዳላው ነው። ዳላ ማለት እየተነቀለ ከቦታ ቦታ የሚተከል የከብት በረት ነው። ከብቶቹ እማሳው ላይ ያድራሉ፤ መሬቱ በእበታቸው ሲጠግብ አጥሩ ተነቅሎ ቀጥሎ ካለው ላይ ይተከላል። አባቴም አብራ የምትነሳ ትንሽ ጎጆ ነበረችው፤ እሷ ውስጥ ሆኖ ጅብ ይጠብቃል። እናቴ "ይሄ ሰውዬ ያገባው ላሞቹን ነው" ትላለች፣ ግማሹን በቀልድ ግማሹን በምሬት። ዳላው ያደረበት ቦታ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ገብሱ ጠቁሮ ከወገብ በላይ ይሆናል።

አንድ ቀን ካብ ስንክብ የበሰበሰ ድንጋይ በመዳፉ ፈርፍሮ አሳየኝ።

"ይሄ አፈር እየሆነ ነው" አለኝ። "ግን እኔም አንቺም አንደርስበትም።"

"ታዲያ ለማን ነው የምንለፋው?"

"እዚህ ለሚያርሰው ነዋ!"

እዚያ የሚያርሰው የልጅ ልጁ መስሎት ነበር። አይ አባቴ! ጎረቤቶቻችን "ኦቦ፣ የሰው መሬት አታደልብ፤ ሲያምር ይነጥቅሃል" ሲሉት ይስቃል። ደህና አራሽ የሚያባርር ሰው ያለ አይመስለውም።

ባለመሬቱ አንድ ጥቅምት በላንድሮቨር መጣ። አባቴ ደስ ብሎት ካቡን እየዞረ አሳየው፣ አፈሩንም አሸተተው። ምነው ያን ቀን ታሞ ተኝቶ በዋለ! ሰውዬው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "አንተ መሬት ታክማለህ" አለው። "ይሄኛውን የባለቤቴ ወንድም ይይዘዋል። አንተ ወደ ላይ ወጥተህ ጋራውን አክምልኝ።" እንደ ሹመት እኮ ነው የነገረው! አባቴ "ጌታዬ፣ ልጆቼ..." ብሎ ሲጀምር ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገብቷል። አባቴ እጅ እንደነሳ ቀረ።

ጋራው ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሣሩም ለከብት አይበቃም። ከብቶቻችን ተራ በተራ እያለቁ ሄዱ፤ ዳላ ማቆም ቀረ። ያን ጊዜ ነው አባቴ አፈር ያቃጠለው። ደጋው ላይ ልማድ ነው፤ ሣር የያዘውን መሬት አርሰው ጓሉን ይከምሩታል፣ ከሥሩ ኩበት ጎስጉሰው ያነዱታል። በመጀመሪያው ዓመት ገብሱ ጉድ ያሰኛል፤ በሁለተኛው ይቀንሳል፤ ከዚያ መሬቱ ለረጅም ዘመን ሞተ ማለት ነው። አባቴ የሚያቃጥሉትን ሲሳደብ የኖረ ሰው ነው። እናቴ "ምን ነካህ?" ብትለው "ለዚያ ሰውዬ ሁለተኛ አላክምም" አላት። እልህ የማያውቅ ሰው፣ እልሁን በአፈር ላይ ተወጣ።

እንደተባለውም ሆነ። ገብሱ አማረ፤ ባለመሬቱ ድርሻውን ወስዶ ምስጋና ላከ። ከዚያ ጋራው ደርቆ ቀረ። ስረግጠው እንደ ገል ይንኮሻኮሻል።

ንጉሡ ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ መሬት ለሚያርሰው ሆነ ተብሎ በሬዲዮ ታወጀ። አምቦ በእልልታ ቀለጠች። እኔ ያን ጊዜ ከተማ አግብቻለሁ፤ የምሥራቹን ይዤ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

"እሰማለሁ" አለኝ። "የማርሰው የኔ ሆኗል።"

የሚያርሰው ያንን ያቃጠለውን ነው። ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ታችኛውን ማሳ የባለመሬቱ አማች ያስገባቸው፣ እዚያ ሲያርሱ የተገኙ ድሆች ተካፍለውታል።

"አባዬ፣ ሄደህ ተናገር እንጂ! ካቡን ማን እንደካበው ንገራቸው!"

"እነሱም ልጆች አሏቸው" አለኝ።

አንዲት ላም ቀርታው ነበር። ለሷ ዳላ ሠራላት። ለአንዲት ላም! ሰው ሁሉ ሳቀበት። እየነቀለ ይተክላል፣ በዚያ ዕድሜው በዚያ ብርድ አብሯት ያድራል። ቤት ግባ ብዬ ብለምነው "አሁን እኮ የራሴ ነው፤ እኔ ያሳመምኩትን ላስታመው" አለኝ። አንጀቴን በላው። ጋራውን በሷ ሊያዳርስ ዕድሜ እንደማይበቃው ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቃለሁ።

በክረምቱ መጨረሻ ሞተ። ገብሱ ሲደርስ ለማጨድ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ገላጣ ጋራ ላይ ምንጣፍ ምንጣፍ የሚያህል ገብስ እዚህም እዚያም ቆሟል። ሰብስበን ብናየው ለተዝካሩ ጠላ አልበቃ አለ።

አምቦ ገበያ ወረድኩ። አንድ ገበሬ ገብሱን በእፍኙ እየዘገነ "እይው እስቲ፣ ይሄ የዳገቱ ነው፣ ካቦቹ ካሉበት። መሬቱ ሲፈጠርም እንዲህ ነው፣ እግዜር የባረከው!" አለኝ። አልተፈጠረም፣ አባቴ ነው የሠራው ልለው አፌን ከፈትኩ። እንባ ቀደመኝ። ሰውየው ዋጋው የተወደደብኝ መስሎት ቀነሰልኝ።

ገዛሁት። በተዝካሩ ዕለት የቀመሰው ሁሉ ጠላውን አመሰገነ።