ከአየር የታየው ጣሪያ

የመሬት ይዞታ ምዝገባው መርካቶ ውስጥ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ሲደርስ፣ የእኔ ሥራ ቢሮ ተቀምጦ ከአየር ፎቶ ላይ ወሰን ማስመር ነበር። አውሮፕላን ያነሳቸው ፎቶዎች ተገጣጥመው ሰፈሩን በሙሉ ኮምፒውተሬ ላይ ያመጡታል። ገላጣ መሬት ላይ ከሆነ መስመራችን ከእውነተኛው ወሰን ስንዝር አይርቅም። መርካቶ ግን ገላጣ መሬት የለውም፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ነው።

አለቃዬ፣ "ፎቶው የሚያሳይሽ ጣሪያውን ነው፤ ግድግዳው ከሥር ነው። ወርደሽ በሜትር ሳትለኪ እንዳትፈርሚ" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሳልወርድ ፈረምኩ። ዝናብ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ወሰኑ የሁለት ጎረቤታሞች ነበር። አንደኛው ከቆርቆሮ ሳጥንና ምድጃ የሚሠሩ ሽማግሌ፣ ሌላኛው በርበሬ በጅምላ የሚሸጥ ጎልማሳ ነጋዴ። የነጋዴው መጋዘን ጣሪያ ወደ ሽማግሌው ይዞታ ወጣ ብሎ የሥራ ቤታቸውን ግድግዳ ይሸፍነዋል። እኔ የጣሪያውን ጠርዝ ወሰን አድርጌ አሰመርኩ። ግድግዳቸው በካርታው ላይ የነጋዴው ይዞታ ሆነ።

ካርታው ለሕዝብ ሲለጠፍ ሽማግሌው ቅሬታ አስገቡ፤ እንዳጣራም ተላክሁ። ስደርስ ግን ግድግዳው እየፈረሰ ነበር። ነጋዴው የካርታውን ቅጂ ይዞ ቆሟል፤ ሁለት ወዛደሮቹ በዲጂኖ ጭቃውን ይንዱታል። ሽማግሌው መዶሻቸውን እንደያዙ በፍርስራሹ ላይ ተረማምደው ወጡ።

ነጋዴው መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አየና፣ "ይኸው፣ ከመሬት ይዞታ ቢሮ መጥታለች። ንገሪያቸው እስቲ፣ መስመሩ የት ነው?" አለኝ።

አልለካሁትም ነበር።

ሽማግሌው ዝምታዬን እንደ ፍርድ ቆጠሩት መሰለኝ። መዶሻውን አነሱና የነጋዴውን ትከሻ መቱት። ነጋዴው በጉልበቱ ወደቀ። በድጋሚ ሲያነሱት አንደኛው ወዛደር በዲጂኖው ቀኝ እጃቸውን መታው። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ለመገላገል ስገባ አንድ የቆርቆሮ ስለት ክንዴን ቀደደኝ፤ ከማን እጅ እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሰፈሩ ሰው ደርሶ እስኪያላቅቃቸው፣ በወደቁት ሽማግሌ ላይ የወዛደሮቹ እርግጫ አልቆመም። ደም ከበርበሬው ብናኝ ጋር ተለውሶ ጫማዬ ላይ ነበር።

ክንዴ ተሰፍቶ በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ለካሁ። ጣሪያው ከመጋዘኑ ግድግዳ ስልሳ ሳንቲሜትር ወጥቷል። ስልሳውም የሽማግሌው ነበር። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈረምኩ። ደሞዜ ተቀጣ፤ ካርታው ታረመ። ወዛደሩ ታሰረ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ደግሞ በሰፈሩ አስታራቂዎች ታርቀው ግድግዳውን ነጋዴው አሠራው።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ሽማግሌው እጃቸው በጄሶ እንደታሰረ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ያን ቀን 'አልለካሁም' ብትይ ኖሮ እጠብቅሽ ነበር" አሉኝ።

እጃቸው ጠምሞ ገጠመ፤ መዶሻ ዳግም አልጨበጠም። ሥራ ቤቱን ለጫማ ነጋዴ አከራዩት። እኔም ከቢሮ ወጥቼ የመስክ ልኬት ቡድን ውስጥ እንድመደብ ጠየቅሁ።