ቦራ ያልታጠበ ዕለት

ጅማ ውስጥ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ መጀመሪያ ያስያዙኝ መርፌ ሳይሆን ማርከር ነበር። "ቆዳው የታመመ እንስሳ ታጥቦ ይምጣ ብለሽ በሩ ላይ ለጥፊ" አሉኝ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ውጭ ካፊያ ነበር፤ የበቾ ቦሬ ሰፈር ጣሪያዎች ጭጋግ ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያን ወረቀት ለዓመታት ቀና ብዬ አላየሁትም።

አባ ፊጣ ከአጋሮ የመጡትም እንዲህ ባለ ቀን ነው። የቡና ማድረቂያ ዘበኛ ናቸው። ውሻቸው ቦራ አፍንጫው፣ ጆሮውና መዳፉ ላይ ቅርፊት ጋግሮበት ያነክሳል። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ቆዳውን በምላጭ ፍቄ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ የእከክ ተባይ የለም። ያም ሆኖ የእከክ መርፌ ወጋሁት። ያልገባንን በሽታ በለመድነው መድኃኒት ማከም የሙያችን የቆየ አመል ነው። ብሶበት ተመለሰ፤ አንቲባዮቲክ ሰጠሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ መዳፉ ተሰነጣጥቆ አባ ፊጣ ተሸክመውት ነበር።

"ጎረቤቶቼ ወደ ሰው ይጋባል ይላሉ። እስከ አርብ በሽታው ካልታወቀ መርዝ ሊሰጡት ነው" አሉኝ።

"ውሻ እንደሆነ ሌላ አይጠፋም፣ አባ ፊጣ" አልኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ጠጋ አሉኝ። "ማሎ፣ እባክሽ ዶክተር፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። ሌባ ሲመጣ የሚሰማው ቦራ ነው፤ እኔ የጀርባው ፀጉር ሲቆም ዳስሼ ነው የማውቀው። እሱ ከሞተ እኔም ከሥራ እወጣለሁ።"

ለካ ሁልጊዜ አፌን አፌን የሚያዩት ለዚህ ኖሯል። አንጀቴን በሉት። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሲጀምረው ምን ይመስላል?"

"መግል የቋጠረ ትንሽ ነገር። ንጋት ላይ ይወጣል፤ ሳጥበው ይፈርጣል።"

"ለምን ያጥቡታል?"

ግራ ገብቷቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። "አንቺው አይደለሽ ታጥቦ ይምጣ ያልሽው? ወደዚህ ስንመጣ እሱን አጥባለሁ፤ ከዚያ እኔም ለሰላት እንደገና እታጠባለሁ።"

የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነበር። የምፈልገውን ማስረጃ ሽማግሌው አጥበው እንዲጥሉት ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

ሐሙስ አጋሮ ሄጄ አደርኩ። አርብ ጎህ ሲቀድ ቡናው የሚሰጣባቸው አልጋዎች በጭጋግ ተውጠው፣ ማድረቂያው መሬት የለቀቀ ይመስል ነበር። ቦራ አልታጠበም። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔም ሰዓቱን ረሳሁት። ጆሮው ውስጥ አንዲት ያልፈረጠች የመግል ቋጠሮ አገኘሁ። በመርፌ ነክቼ መግሏን ስላይድ ላይ አሳረፍኩ፣ ስላይዱን ቀለም ነከርኩ፣ ይዤው የመጣሁትን በቀን ብርሃን የሚሠራ አሮጌ ማይክሮስኮፕ የዘበኛ ቤቱ መስኮት ላይ አቆምኩ።

ባክቴሪያ የለም። ተያይዘው መኖር የነበረባቸው የቆዳ ሴሎች ተላቅቀው፣ ክብ ክብ ሆነው፣ ሐምራዊ ሐምራዊ ይንሳፈፋሉ። ፔምፊገስ የሚባለውን በሽታ ከትምህርት ቤት ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

"አባ ፊጣ፣ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ነው ቆዳውን የሚያጠቃው። ወደ ማንም አይጋባም።"

"ዘበኛው የቤቱን ሰው ሌባ መስሎት ነዋ" አሉ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከመምህሮቼም አልሰማሁም። እንደማይጋባ ጽፌ ፈረምኩላቸው፤ ወረቀቱን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ከቆዳው የቆረጥኩትን ናሙና ለፓቶሎጂስት ላክሁ፤ እሱም ያንኑ አለ። ቦራን የሰውነት መከላከያን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን አስጀመርኩት፤ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነስን ወራት ፈጀ።

ጅማ ስመለስ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ቀደድኩት። አለቃዬ "ክሊኒኩ ሊቆሽሽ ነው" አሉ። "ይቆሽሽ" አልኳቸው።

ቦራ ለክትትል ሲመጣ በአራት እግሩ እየሮጠ ገባና ነጭ ጋዎኔ ላይ ጭቃውን አተመ። አባ ፊጣ በኩራት "አልታጠበም" አሉኝ።

ቆዳው የታመመ ውሻ ሳይታጠብ ይምጣ። ያልፈረጠውን ፈልጉ። ባለቤቱንም ንጋት ላይ ምን እንዳየ ጠይቁት።