እማማ ብርቄ ያልሳሙኝ ቀን

ስለ ጥንቃቄ ሲወራ ከመቀመጫዬ ብድግ የምልላቸው፣ እማማ ብርቄ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ።

ዕቃ ላመጣ የሄድኩበት አገር የመተንፈሻ በሽታ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ጭንብሌን ሳላወልቅ፣ እጄን በሳሙና ስፈትግ ከርሜ ተመለስኩ። ኤርፖርት ላይ የጤና ሠራተኞች ትኩሳቴን ለኩና ስልኬን መዘገቡ። «ሁለት ሳምንት በየቀኑ እንደውልልሃለን፤ ሳል ወይም ትኩሳት ከጀመረህ እንዳትደብቀን» አሉኝ። ይህንኑ ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት።

18 ማዞሪያ ከታክሲ ወርጄ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሰፈር ስገባ እማማ ብርቄ በራቸው ላይ ቆመዋል። እኚህ ሴትዮ እዚሁ አስኮ ደርሼ ስመለስ እንኳ ጉንጬ እስኪርስ ነው የሚስሙኝ። ገና ጭንብሌን ዝቅ አድርጌ ጠጋ ስል፦

«እዛው ቁም!» ብለው ጮኹብኝ።

ሰፈርተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እማማ፣ ምንም የለብኝም እኮ! ለክተውኛል!»

«አውቃለሁ። አትጠጋኝ አልኩህ!» ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

እውነት ለመናገር፣ በጣም ከፋኝ። ከሰው ሁሉ እሳቸው ይሽሹኝ? ሻንጣዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ዞርኩ።

«ና፣ አታኩርፍ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ለረጅም ጊዜ ሳሉ።

«ጉንፋን ከያዘኝ ሦስት ቀኔ ነው። እየደወሉ ሊጠይቁህ እንደሆነ ሚስትህ ነግራኛለች። ዛሬ ስሜህ ነገ ብታስል፣ ከእኔ የያዘህ ነው ወይስ ከዚያ አገር ያመጣኸው ብለህ ልትነግራቸው ነው?»