የጎረቤቴ ልጅ

እናቴን "ልጅ የላትም" ብዬ ያስጻፍኩት እኔው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስለ ፍርድ ቤቱና ስለ ከሳሽነቴ ሳወራ አንባቢ ያለአግባብ እንዳያዝንልኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ፣ በሦስት ፈረቃ። የምኖረው ከሁለት የሥራ ጓደኞቼ ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፣ ፍራሹ ቀዝቅዞ አያውቅም። እናቴ ደግሞ ደሴ፣ ሆጤ፣ እኔን ባሳደገችበት የቀበሌ ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። አባቴም ቀድሞ አርፏል። ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ዓይኗ ደከመ፣ ጉልበቷም ከዳት። አንድ ቀን ምድጃው ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ። ወደ ኮምቦልቻ ላመጣት ስል አከራያችን ከበሩ ላይ ቆማ፣ "ከቤቴ ሬሳ እንዲወጣ አልፈልግም" አለችኝ። ሥራዬን ልተው ብል የምንበላው የለም። በየወሩ መጨረሻ ወደ ደሴ ስወጣ እናቴ ይበልጥ ከስታ፣ ቤቱም ይበልጥ ጨልሞ ይጠብቀኛል።

በገራዶ በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አለ ተባልኩ። ሄጄ አየሁት። ግቢው ጽዱ፣ አልጋው ከነብርድ ልብሱ። ግን የሚቀበሉት ጧሪ ቀባሪ የሌለውን ብቻ ነው። ልጅ ያለው ሰው ልጁ ይጡረው፤ ሕጋቸው ይህ ነው፣ ልክም ነው። ከቀበሌ "ልጅም ዘመድም የላትም" የሚል ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ሦስት ምስክር።

ሁለቱን ምስክር በቀላሉ አገኘሁ። ሦስተኛው ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ስወለድ የክርስትና ቀሚሴን የሰፉት እርሳቸው ናቸው፤ እስላም ሆነው። ነገሩን ስነግራቸው መቀሱን አስቀመጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ወላሂ በል አትበይኝ እንጂ ጣቴን እሰጥሻለሁ" አሉ።

"የሚፈለገውም ጣትዎ ነው፣ አባባ።"

"እንግዲያ ጣቴ የዋሸውን አላህ ከጣቴ ይጠይቅ።"

ቀበሌ ሄደው አውራ ጣታቸውን ነክረው አተሙ። ሲወጡም ጣቱን በኮታቸው ጫፍ አጥብቀው ጠረጉት።

የከበደኝ ለእናቴ መንገሩ ነበር። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

"መሃን ነኝ ልበል?"

"በይ።"

"አንቺስ ማን ነሽ?"

"የጎረቤት ልጅ።"

ድንገት ሳቀች። "እሺ። ግን ካልኩ አልኩ ነው፤ ነገ ተነስተሽ ሌላ በይ እንዳትይኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" አለች። ይህን ተረት ስታዘወትር ነው የኖረችው። የእድር ብር አዋጣለሁ ካለች ሳትበላ ውላ ታዋጣለች። እኔ ግን ያን ቀን ተረቱን በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ ልብ አላልኩትም።

መጦሪያው ከተቀበላት በኋላ መጀመሪያ መጀመሪያ ጨዋታ ነበር የሚመስለው። ፈረቃዬ ሲፈቅድ እሑድ እሑድ ዳቦና ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ። ገና ከበር ስታየኝ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እንደምን ነሽ የጎረቤቴ ልጅ!" ትላለች። ተንከባካቢዎቹ "ምን ዓይነት ጥሩ ጎረቤት ነው ያለዎት" ሲሏት በኩራት ራሷን ትነቀንቃለች። ልሄድ ስል ጎንበስ ብዬ ስስማት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ በጆሮዬ "ልጄ" ትለኛለች። አንዴ ብቻ። በኮምቦልቻና በደሴ መሃል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቼ የምወርደው ለዚያች አንዲት ቃል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ማሽኑ ሥር ቆሜ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ሲያደነቁረኝ፣ እርሷን እሰማለሁ።

ከዓመት በኋላ የመጦሪያው ኃላፊ ተቀየረ። አዲሱ የጠያቂ ሥርዓት አወጣ። አንድ እሑድ ዘበኛው በሩ ላይ አቆመኝ።

"ምናቸው ነሽ?"

"የጎረቤት ልጅ።"

"ዘመድ ካልሆንሽ አይቻልም።"

ዳቦውን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። "ልጇ ነኝ" ብል የዚያኑ ዕለት አንጠልጥለው ያስወጧታል፤ የት አደርጋታለሁ? እያልኩ አፌን ይዤ ተመለስኩ። ሰው እናቱ በር ላይ ቆሞ ማንነቱን ሲደብቅ ምን እንደሚሰማው የማላውቅ እንዳይመስላችሁ።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት የአንድ ሰፈር ማኅበርተኞች ለአረጋውያኑ ዳቦና ወጥ ይዘው እንደሚገቡ ሰማሁ። ለምጽዋት የመጣ ሰው አይከለከልም። አንዷን ሴትዮ ለምኜ ቅርጫቷን ተሸከምኩላት፤ የገዛ እናቴን ለማየት መጽዋች ሆኜ ገባሁ።

አልጋዋን ወደ መጨረሻው ክፍል አዙረውታል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ፍራሹን እንዳታረጥብ ውሃ የሚሰጧት በስኒ እየለኩ ነበር። አንድ እጇን በራሷ ነጠላ ከአልጋው ብረት ጋር አስረውታል፤ አንጓዋ ጠቁሯል። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ጀርባዋ ቆስሏል፣ ቀኝ እግሯም ወደ ውጭ ዞሮ ቀርቷል። "ከአልጋ ወድቃ ነው፣ ደግማ እንዳትወድቅ ነው ያሰርናት" አለችኝ ተንከባካቢዋ። መቼ እንደወደቀች ስጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ከኋላዬ ማኅበርተኞቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ቆመዋል።

"እንደምን ነሽ የጎረቤቴ ልጅ" አለች፣ በዚያች በደረቀች ምላስ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን በደንብ አላስታውሰውም። እንደጮህኩ ነግረውኛል። ኃላፊው መጥቶ፣ "በምን መብትሽ?" ሲለኝ "ልጇ ነኝ!" አልኩት። መዝገቡን አስመጣና በጣቱ እያሳየኝ "ልጅ የላትም ይላል" አለ። "ይበል!" ብዬ እጇን ፈትቼ እናቴን በጀርባዬ አዘልኳት። ክብደቷ የጥጥ ጆንያ አይሞላም። በሩ ላይ ዘበኛው መንገድ ለቀቀልኝ።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ አጥንቱ ከተሰበረ ሳምንታት እንዳለፉት፣ ያኔውኑ ቢያመጧት ኖሮ ሊጠገን ይችል እንደነበር፣ አሁን ግን በእግሯ እንደማትቆም ነገረኝ። ያለውን ሁሉ ጽፎ ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። እኔም ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር አንዲት የጭቃ ቤት ለብቻዬ ተከራየሁና ይዣት ገባሁ። አከራዩ ቤቱን ከማስለቀቅ ይልቅ ቂጣ የሚልክልን ሰው ሆነ። ይህን ገና ከመጀመሪያው ፈልጌ ቢሆን ኖሮ! ይህ ሐሳብ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ካሳ ልጠይቅ ብዬ የተነሣሁት ለመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ "በዚህች ሴት ላይ የተደረገው ግፍ ነው" እንዲል ፈልጌ ነው። የራሴን ጥፋት ሌላ ሰው እንዲካፈለኝም ፈልጌ ይሆናል።

ደሴ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። አንዱ ብዕሩን አንሥቶ፣ "ተበዳይዋ ራሳቸው መምጣት ካልቻሉ ልጃቸው ትወክላቸዋለች፤ ሌላ ሰው ግን አይችልም" አለኝ።

"ልጇ ነኝ።"

"እንግዲያ ምን ችግር አለ!" ብሎ ጻፈልኝ።

ችግሩ ምን እንደሆነ በቀጠሮው ቀን የተከሳሹ መጦሪያ ጠበቃ አወጣው። የቀበሌውን ደብዳቤ ለዳኛው አቀረበ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ ልጅ የላትም። ይህች ወኪል ነኝ ባይ ማን ናት?" አለ። ችሎቱ ውስጥ ሰው ሳቀ። ዳኛው ደብዳቤውን አንብበው ወደ እኔ ተመለከቱ።

"ማነው ያስጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሐሰት መናገር እንደሚያስጠይቅሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ይጠይቁኝ። ልጅነቴን ግን አይንሡኝ።"

ምስክር አለሽ ወይ ስባል ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ተጠሩ። ቁርአን ይዘው ማሉና፣ "ወላሂ ከዚች ሴት ማኅፀን የወጣች ልጅ ናት፣ ስትወለድ ከግድግዳ ማዶ ጩኸቷን ሰምቻለሁ" አሉ። ጠበቃው ብድግ ብሎ የጣት አሻራቸውን አሳያቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ራቅ ቀረብ አድርገው አዩት።

"ያ ጣቴ ነው። ይኼ ደግሞ አፌ ነው። ያኔ አላስማሉኝም፣ ዛሬ አስማሉኝ" አሉ።

ዳኛው ራሳቸው ፈገግ አሉ። ከዚያም፣ "ምስክርና ወረቀት እንዲህ ከተጣሉ ከባለጉዳይዋ ከራሷ የሚበልጥ የለም፤ እናትሽን ይዘሽ ቅረቢ" ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! እናቴ ከሰው ፊት፣ ከመንግሥት ፊት "ልጄ" ልትለኝ ነው። ኮምቦልቻ ገብቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳስጠናት አደርኩ ብል ውሸት ነው፤ አንዴ ብቻ ነው የነገርኳት።

"እማ፣ አሁን እውነቱን ተናገሪ። ማን ናት ሲሉሽ ልጄ ናት በይ።"

"እሺ" አለች። የእርሷን "እሺ" መጠርጠር ነበረብኝ።

በቀጠሮው ጠዋት በሚኒባስ ወጣን። ሽማግሌው ከመናኸሪያው በሰዎች ትከሻ፣ በፕላስቲክ ወንበር አሸክመው እስከ ችሎቱ አደረሷት። አዲስ ነጠላ አልብሻት ነበር። ዳኛው ወንበሯን ወደ ፊት አስጠግተው በለሆሳስ ጠየቋት።

"እማማ፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል?"

"እርስዎ መንግሥት ነዎት?" አለች።

"ዳኛ ነኝ፣ እማማ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ እኔ አየች፤ ዓይኗ ደክሟል እንጂ አየችኝ። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣ "የጎረቤቴ ልጅ ናት" አለች።

ሽማግሌው "ያ ረቢ!" ሲሉ ሰማሁ።

"ልጅ የለዎትም?"

"የለኝም። ወረቀቱ ይናገር የለ!"

"የበደለዎት ሰው ካለ ራስዎ መክሰስ ይችላሉ፤ ይከሳሉ?"

"እኔ ከማንም ጠብ የለኝም። ይህችን ልጅ ብቻ እንዳታስሩብኝ፤ ደግ ጎረቤት ናት።"

ዳኛው ከእርሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እርሷ አዩ። ያወቁ ይመስለኛል። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፣ መዝገብ ሌላ ነው። ወኪሏ ልጅነቷን ስላላስረዳች፣ የከሳሽ በራሷ የመክሰስ መብት እንደተጠበቀ ሆኖ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ አሉ። ጠበቃው ቦርሳውን ዘጋ።

መናኸሪያ እስክንደርስ ከተሸከሟት ሰዎች ቀድሜ ሄድኩ። ተናድጄባታለሁ። ያን ሁሉ ደጅ ጠንቼ፣ እስር ሳልፈራ፣ በአንዲት ቃል አፈረሰችው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ፤ እኔ ጠፋሁ፣ የተናገረችው ቆመ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችልንና፣ "እናትሽን ወደ መስኮቱ አስደግፊያቸው" አለችኝ።

"እናቷ አይደለሁም" አለች እናቴ ቀድማኝ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። "እናቴ ናት!" ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ፣ ሾፌሩም በመስታወቱ አየኝ። "የወለደችኝ እናቴ ናት! ስሙኝ ሁላችሁም!"

ከነጠላዋ ሥር የእናቴ እጅ ወጣና ጭኔን ቆነጠጠኝ። ሕፃን ሆኜ ቅዳሴ መሃል ሳወራ እንደምትቆነጥጠኝ፣ በሁለት ጥፍር ይዞ ማዞር ያለበት ቁንጥጫ ነው። ይህን ቁንጥጫ ጎረቤት አይቆነጥጥም።

"ዝም በይ! ይሰሙሽና ያስሩሻል" አለችኝ በጥርሷ መሃል።

ሐረጎን መውረድ ስንጀምር ሰዉ ወደ ራሱ ወሬ ተመለሰ። እናቴ ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ቀረበች።

"ልጄ" አለች። "ደህና አልመለስኩም?"

"ደህና መለስሽ፣ እማ" አልኳት።

እናቴ በዚያው ክረምት፣ ከቦርከና ዳር ቤታችን ሳትወጣ ሞተች። ካሳ አላገኘንም፤ በእርሷ ላይ የተደረገው ግፍ ነው ብሎ የፈረደልን ሰውም የለም። ጭኔ ላይ የቁንጥጫው ቦታ ጥቂት ቀን ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ። ከፈረቃ ስመለስ በር ዘግቼ አየው ነበር። ቶሎ እንዳይጠፋ ብዬ ስታጠብ እንኳ አላሸውም ነበር፤ ግን ጠፋ።