ከቴርሞስ ካርቶን የወጣው ቪዲዮ

ኻሊድ በደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ታውን ገበያ ውስጥ ቴርሞስ ይሸጣል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቴርሞስ ብቻ! ትልቅ፣ ትንሽ፣ አበባ ያለበት፣ የሌለበት። ስለ ቴርሞስ ከጠየቃችሁት ሱቁ እስኪዘጋ አይለቃችሁም፤ ስለ ጀንነት ከጠየቃችሁት ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ጀንነት ከእሱ ሱቅ ፊት ለፊት፣ በወንድሟ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ትሠራለች። ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የቀሩት አባቷ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚያልፏቸው ሰው አይደሉም።

አባቷ ሐጂ ረፊቅ ያሉት ቡታጅራ ነው። በወጣትነታቸው ኻርቱም ነግደዋል፤ ስለዚህ ነጋዴ የሚባል አያምኑም። ከዚህ በፊት ሁለት ነጋዴዎች ሽማግሌ ልከውባቸው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹን ሳሎን መሐል አቁመው "አስበንበት እንልክባችኋለን" ብለው ሸኙ። እስካሁን እያሰቡበት ነው።

"አባቴ እሺ ካለ ቁጭ በሉ ይላቸዋል" ብላዋለች ጀንነት። "እምቢ ካለ እንደቆሙ ነው የሚሸኛቸው።"

እሑድ ጠዋት የኻሊድ አጎት ጋሽ ቡሽራ ሁለት ሰዎች አስከትለው ሐጂ ቤት ሄዱ። ደንቡ፣ ልጅቷን የሚጠይቀው ሰው እዚያ ድርሽ እንዳይል ነው። ኻሊድም ድርሽ አላለም፤ የአጎቱ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው የገባው። የጋሽ ቡሽራ ስልክ ቪዲዮ ጥሪ እንደተከፈተ፣ ካሜራው ብቻ ብቅ ብሎ ኪሳቸው ውስጥ ተቀመጠ። ኻሊድ ጁባ ሆኖ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ብሎ የስልኩን ስክሪን ከነድምፁ መቅዳት ጀመረ። በብልጠቱ ራሱ ተደነቀ።

ገና ሰላምታው ሳያልቅ አንዲት አሮጊት ደንበኛ መጣች። ኻሊድ ስልኩን ባዶ የቴርሞስ ካርቶን ውስጥ ሸጎጠና ወደ እሷ ዞረ። የጎረቤቱ ጄኔሬተር ሲያጓራ፣ አሮጊቷ ስትከራከር፣ ካርቶኑ ውስጥ ምን እንደተባለ ምኑንም አልሰማም። ሲመለስ ጥሪው ተቋርጧል። ጋሽ ቡሽራ ጋ ቢደውል ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል፤ አብረዋቸው የሄዱት ደግሞ ሞባይል አይዙም። የተቀዳውን ሊከፍት ቢሞክር አሮጌው ስልኩ ትንሽ አሰበና ድርግም ብሎ ጠፋ። አብርቶ ቢሞክር አሁንም ጠፋ። ኻሊድ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ እየሮጠ የወዳጁ የበድሉ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ።

"በድሉ፣ ድረስልኝ! ትዳሬ እዚህ ውስጥ ነው ያለው!"

በድሉ ስልኩን ገልብጦ አየው። "ትዳርህ ስንት ጊጋ ነው?"

ስልኩን አብርቶ ገመድ ሰካ፤ ኮምፒውተሩ ዝም። "ይሄ ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ቪዲዮ አያሻግርም" አለና ሌላ ሰካ። አሁንም ዝም። ከዚያ የስልኩን ስክሪን ከላይ ወደ ታች ሳብ አድርጎ "ፋይል ማስተላለፊያ" የሚለውን ሊነካ ሲል "በኢየሱስ ስም" አለ፤ ኻሊድም "ቢስሚላህ" አለ። ለማን እንደታዘዘ አይታወቅም፣ ኮምፒውተሩ ስልኩን አየው። ቪዲዮውም በቀስታ መሻገር ጀመረ።

በዚህ መሐል ጀንነት ፓስፖርቷን ይዛ ገባች። ኮፒ ልታስነሳ ነው አሉ። አንድ አስነሳች፤ ከዚያ "አንድ ልጨምር" አለች። ሰባተኛው ኮፒ ላይ ቪዲዮው ደረሰ።

በድሉ ትልቁን ስፒከር ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቡታጅራ ኮርኒስና አንድ አምፖል ነው። ጋሽ ቡሽራ እንደቆሙ ስለ ኻሊድ ምግባር ይናገራሉ። በመሐል የሐጂ ድምፅ መጣ።

"ቆይ እስቲ ቡሽራ፣ ኪስህ ውስጥ ማነው የሚጮኸው?"

ኻሊድ ቀልቡ ተገፈፈ። ለካ የራሱን ማይክሮፎን አልዘጋውም ነበር!

"ሬዲዮ ነው ሐጂ" አሉ ጋሽ ቡሽራ።

"ሬዲዮ ቴርሞስ ይሸጣል እንዴ? ዝም በሉ፣ ልስማው!"

ከኪሱ የኻሊድ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ "ዴ ማ ኩዌስ፣ ያ ማማ!" በጁባ ዐረብኛ፣ ጥሩ አይደለም፣ እማማ፣ እያለ ነው። አሮጊቷ ቀይ አበባ ያለበትን ካልወሰድኩ ትላለች። እሱ፣ የቴርሞሱ ውስጥ ተሰንጥቋል፣ ሻይሽ ማታውን ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ውሰጂ ይላታል። እሷ ትጎትታለች፣ እሱ ይጎትታል። ሰውዬው ቴርሞስ ላለመሸጥ ላብ በላብ ሆኗል።

በድሉ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ኻሊድ ግን እፍረቱ ሊገድለው ደረሰ። ያን ሁሉ ሽማግሌ ልኮ፣ አማቱ ፊት ከአሮጊት ጋር ሲጓተት ተያዘ!

ስፒከሩ ውስጥ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኻርቱም አሥራ አንድ ዓመት ነግጃለሁ" አሉ። "እንዲህ ያለ ነጋዴ ግን አላየሁም። እኔም እንዲህ አልነበርኩም።"

ጀንነት የፓስፖርቷን ኮፒዎች አፏ ላይ ጫነች።

"ቁጭ በሉ" አሉ ሐጂ።

ወንበሮች ተንቋቁ፤ ኮርኒሱ ወደ ላይ ራቀ። ከዚያ የሐጂ ፊት፣ ሽበታቸውና ቆባቸው፣ ወደ ኪሱ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ሞላው።

"አንተም ኪስ ውስጥ ያለኸው ልጅ፣ ቁጭ በል።"

ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ። ጀንነት ኮፒዎቹን ወደ ላይ በትና ጮቤ ረገጠች። በድሉ "ሃሌሉያ!" ብሎ ጮኸ። ኻሊድ ዞር ዞር ብሎ ወንበር ፈለገ፤ የለም። ስለዚህ በሰባቱ የፓስፖርት ኮፒዎች መሐል፣ ወለሉ ላይ፣ እንደታዘዘው ቁጭ አለ።