የአምሳል አባት ስም

በወረታ ዙሪያ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ፣ ቀጥሎ ጸሐይነሽ ትጠራ ነበር። አስለቃሽ ናት። ገና «ወየው!» ስትል ከሩዝ ማሳው ማዶ ያለ ሰው ሥራውን ጥሎ ይነሳል።

ሙያውን የተማረችው ከአክስቷ ነው። ሙሾ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሟች ዘር ይቆጠራል፣ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ። ቀጥሎ ሙያው ይነሳል። ከዚያ ባዶ የቀረው ቤቱ፣ ጌታ ያጣው ከብቱ። በመጨረሻ በአስለቃሿ አፍ ሟቹ ራሱ ይናገራል፣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ይሰናበታል። ያን ጊዜ የማያለቅስ የለም። ግጥሙ ሁለት ሁለት ስንኝ ሆኖ ይሄዳል፤ የፊተኛው ሐሳቡን ይጥላል፣ የኋለኛው ቤት ይመታል።

አንድ ጊዜ አጎቷ አቶ ሰውመሆን ሞቱና ጸሐይነሽ ከሬሳው አጠገብ ቆመች። ሰውየው በከብት የታወቁ ነበሩ።

«በሬዎቹ ቆመው ደጅ ደጁን ያያሉ፣»

አለችና ሳግ ያዛት። አጎቷ ናቸው፣ ያሳደጓት። ሴቶቹ የሚቀበሉት አጥተው ሲጠብቁ ከአጥሩ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦

«ጌታችን ዘገየ፣ የት ሄደ እያሉ።»

ለቀስተኛው ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ጸሐይነሽ ዞር ብላ አየች። አምሳል ነበረች፣ ሸክላ ሠሪዋ። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ዓይነ ክፉ ነው የሚል የቆየ ወሬ አለና ከሰው ተለይታ ነበር የተቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ለቅሶ ዞሩ። ጸሐይነሽ የፊተኛውን ትጥላለች፣ አምሳል የኋለኛውን ትመልሳለች። አንዳቸው የሌላቸውን አፍ ሳያዩ የሚመጣውን ያውቁት ነበር። ለቅሶው ሲያበቃ ግን ጸሐይነሽ ከዘመድ ጋር ትበላለች፣ ለአምሳል በሌላ ዕቃ አጥሩ ሥር ይወጣላታል።

አንድ ቀን ከቀብር ሲመለሱ ጸሐይነሽ፣ «ምነው አንድ ቀን እንኳ አይከፋሽም?» አለቻት።

«ይከፋኛል እንጅ እታለም። ብናገር ግን ነገ ማን ያስገባኛል? ማልቀሱንም ይከለክሉኛል። እኔ ደግሞ ማልቀሱን እወደዋለሁ።»

ጸሐይነሽ ሌላ አልጠየቀቻትም። አምሳል ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ታጠፈች፣ እሷም ወደ ቤቷ ሄደች። ሁልጊዜም እዚያው መታጠፊያው ላይ ነበር የሚለያዩት።

አምና ክረምቱ ከበደ። ጎርፉ ሜዳውን ከድኖ ሰነበተና በመስከረም ጎደለ። አምሳል ለመስቀል ገበያ የሚሆን ድስት ልትሠራ ከልጇ ከትሩፋት ጋር አፈር ልትቆፍር ወረደች። ውኃ የጠጣው ገደል ተናደባት። ትሩፋት እየጮኸች በእጇ ቧጠጠች፤ ሰው ደርሶ አምሳልን ሲያወጣት አልፋ ነበር።

ጸሐይነሽ መርዶውን ሰምታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ ወንድሟ አያልነህ በር ላይ ቆመ።

«ለሸክላ ሠሪ ሙሾ አውጥተሽ ነገ ማን ይጠራሻል?»

«አልጠራ» አለችው።

ለቅሶው ጭር ያለ ነበር። አምሳል ለሙታናቸው ያለቀሰችላቸው ሰዎች ግማሹ ሩዙን አረም ውጦብን፣ ግማሹ ልጅ ታሞብን ብለው ቀሩ። የመጡት የሰፈሯ ሴቶችና ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው። ጸሐይነሽ ወደ መካከል ገባች።

«አምሳል...» አለችና ቆመች።

ሳግ የያዛት መሰላቸው። እሷ ግን ዘር ልትቆጥር ነበር፤ የምትቆጥረው አጣች። ቀስ ብላ ወደ ባልየው ወደ ታከለ ሄደችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ታከለ፣ የአባቷ ስም ማን ነበር?»

ታከለ ቀና ብሎ አያት። «ይህን ያህል ዘመን አብራችሁ ስትዞሩ አልነገረችዎም?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ባየህ ነው፣ ባየህ ካሴ። ከጣራ ገዳም በታች ነው አገሩ። ቀጥቃጭ ነበር።»

ተነሳች።

«አምሳል የባየህ ልጅ፣ የካሴ የልጅ ልጅ፣»

አለችና እንደ ልማዷ ጠበቀች። የሚመልስ አልነበረም። የኋለኛውንም ራሷ አወጣችው፦

«አፈሩ ከዳሽ ወይ፣ አንቺን የአፈር ወዳጅ።»

ጥቂቶቹ ሴቶች ተቀበሏት። ሙያዋን አነሳች፣ ቤቷን አነሳች። ሟቿ የምትናገርበት ቦታ ሲደርስ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ተቀመጠች።

ትሩፋት እየተንፏቀቀች መጣች። «እማማ፣ እናቴን አያናግሩልኝም?»

«ምን እንደምትል አላውቅም፣ ልጄ» አለቻት። «እናትሽን የሰማኋት በሰው ለቅሶ ላይ ነው። ስለ ራሷ ስትናገር ቁጭ ብዬ ሰምቻት አላውቅም።»

ትሩፋት ጭኗ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጸሐይነሽም እንደ ማንኛዋም ሴት፣ ያለ ግጥም አለቀሰች።

በኅዳር አንድ ባለጸጋ ሞተና ጠሯት። ሄደች። ዘሩን ቆጥራ የፊተኛውን ስንኝ ጣለች፤ የኋለኛው አልመጣ አላት። ደግማ ሞከረች፣ አልሆነም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ አንዱ በስልኩ የተቀዳ ዋሽንት በድምፅ ማጉያ ከፈተ፣ ለቅሶውም በዚያው ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ የጠራት የለም።

ታከለና ትሩፋት ጥር ላይ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ዘመድ ወዳላቸው ወደ ዋንዛዬ ሄዱ። ጸሐይነሽ የሰማችው ከሄዱ በኋላ ነው። እስከ ቤቱ ወረደች። በሩ በገመድ ታስሯል። ግድግዳው ሥር ሳይተኮሱ የቀሩ ድስቶች ተደርድረው ነበር፤ ባለፈው ሰሞን ያለ ወቅቱ ያካፋው ዝናብ ጠርዛቸውን አፍርሶታል። ጥቂት ቆማ አየቻቸውና ተመለሰች።